የክሮይትዘር ሶናታና የመጀመሪያው ባለቤቱ

በረቂቅ ሙዚቃ ዓለም አንድ ድርሰት ታትሞ ሲወጣ ከሽፋኑ ላይ የሚነበቡት ስሞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው የደራሲው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ድርሰቱ በክብር የተበረከተለት ሰው ነው። ድርሰቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተጫውቶ ነፍስ የዘራበት ባለሙያ ግን ከሽፋኑ ላይ ስፍራ የለውም። ስሙ የሚቆየው በአድማጮቹ ትዝታ ውስጥ ነው፤ አድማጮቹ ሲያልፉም አብሮ ያልፋል። ይህ የሙያው ልማድ በመሆኑ ማንም እንደ በደል አይቆጥረውም። ይሁን እንጂ ያ ሁለተኛው ስም በመጀመሪያ የተጫዋቹ የራሱ ሆኖ ሳለ፣ በኋላ ተነሥቶ በቦታው የሌላ ሰው ስም የገባበት አንድ እጅግ የታወቀ ድርሰት አለ።

ድርሰቱ ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን ለፒያኖና ለቫዮሊን የደረሰው፣ የሥራ ቁጥር 47 የተሰጠው ሶናታ ነው። በ1805 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቦን ከተማ በዚምሮክ ማተሚያ ቤት ታትሞ ሲወጣ፣ ለፓሪሱ ቫዮሊን ተጫዋች ለሩዶልፍ ክሮይትዘር የተበረከተ መሆኑ ከሽፋኑ ላይ ተጽፎ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድርሰቱ በዓለም ዙሪያ የሚጠራው «የክሮይትዘር ሶናታ» እየተባለ ነው። ሌዎ ቶልስቶይ በ1889 ለጻፈው ልብ ወለድ ይህንኑ ስም ሰጠው፤ የቼኩ ሙዚቃ ደራሲ ሌዎሽ ያናቼክም በ1923 ከቶልስቶይ መጽሐፍ ተነሥቶ አንድ የአራት ባለአውታሮች ድርሰት ጻፈ። በዚህ አኳኋን ክሮይትዘር የሚለው ስም ከሙዚቃ ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ከሥነ ጽሑፍም ተመልሶ ወደ ሙዚቃ ተሸጋግሯል። ሶናታው ሲደረስ ታስቦ የነበረው፣ ከቤትሆቨን ጋር ቆሞ በመጀመሪያ የተጫወተውም ሰው ግን ክሮይትዘር አልነበረም። እሱ ጆርጅ ፖልግሪን ብሪጅታወር ይባል ነበር።

ብሪጅታወር የተወለደው በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በቢያላ ከተማ ሲሆን፣ ክርስትና የተነሣው በ1778 ነው። እናቱ ማሪያ አና ነጭ ኤውሮፓዊት ነበረች። አባቱ ፍሬድሪክ ጥቁር ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ከካሪብያን ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከባርባዶስ እንደሚመዘዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ፍሬድሪክ ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ መልከ መልካምና ደፋር ሰው ነበር፤ በሃንጋሪ ትልቁ መኳንንት በመስፍን ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ቤት በአገልጋይነት ኖሯል። የዚያ ቤት የሙዚቃ ሹም በዚያን ጊዜ ዮሴፍ ሃይደን መሆኑን ስናስብ፣ ልጁ ጆሮውን የከፈተው በምን ዓይነት ስፍራ እንደ ነበረ መረዳት አያዳግትም። በኋላም የትርኢት ማስታወቂያዎች ልጁን «የሃይደን ተማሪ» ይሉት ነበር። ማስታወቂያ ግን ያው ማስታወቂያ ነው።

አባትየው ከልጁ የቫዮሊን ችሎታ እንጀራ እንደሚወጣ ዘግይቶ አልተረዳም። በሚያዝያ 1789፣ የፈረንሳይ አብዮት ሊፈነዳ ሦስት ወር ሲቀረው፣ አሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ በፓሪስ በኮንሴር ስፒሪቱዌል አዳራሽ ቀርቦ ተጫወተ። በዚያው ዓመት አባትና ልጅ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። በታኅሣሥ በባዝ ከተማ ሲጫወት ከአምስት መቶ በላይ ሰው አዳራሹን ሞልቶት ነበር። በየካቲት 1790 ደግሞ በሎንዶን በድሩሪ ሌን ቴአትር የሃንደል «መሲሕ» በሚዘመርበት ምሽት፣ በድርሰቱ ክፍሎች መካከል ገብቶ ኮንሴርቶ ተጫወተ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ስም ወደ ታሪኩ ይገባል። ፍሬድሪክ በእንግሊዝ መኳንንት መካከል የቱርክ ልብስ ለብሶ ይመላለስ ነበር፤ ራሱንም የአፍሪካ ልዑል ነኝ ይል ነበር። ጋዜጦቹም ይህንኑ ተቀብለው ልጁን የአፍሪካው ልዑል ልጅ ብለው አስተዋወቁት። ቀጥሎም «የሐበሻው ልዑል» የሚለው ቅጽል ተለጥፎበት እስከ ሙዚቃ መዝገበ ቃላት ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ሐበሻነት ለምን እንደ ተመረጠ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳሙኤል ጆንሰን ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው «ራሴላስ» ከ1759 ጀምሮ በተማሩ እንግሊዛውያን ቤት ሁሉ ይነበብ ነበር። ጄምስ ብሩስ ወደ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ጉዞ የሚተርኩት አምስት ቅጾችም የታተሙት ልጁ በድሩሪ ሌን በተጫወተበት በ1790 ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት በሚያወራበት ወራት ከመድረክ ላይ ጠይም ልጅ ቫዮሊን ይዞ ሲቆም፣ ሐበሻ የሚለው ቃል የመግቢያ ትኬት የሚያስሸጥ ቃል ነበር። በእውነቱ ግን ጎንደር በዚያን ጊዜ በዘመነ መሳፍንት ሁከት ትታመስ ነበር፤ ብሪጅታወርን ከእርስዋ ጋር የሚያያይዘው ነገርም ከዚህ የመድረክ ስም አያልፍም። የኢትዮጵያን ስም ተሸክሞ በኤውሮፓ መድረክ የዞረው ይህ ልጅ አገሪቱን አይቶ አያውቅም።

ተሰጥዖው ግን ሐሰት አልነበረም። በሰኔ 1790 በሎንዶን በሃኖቨር አደባባይ አዳራሽ ከእኩያው ከፍራንዝ ክሌመንት ጋር አንድ ላይ ቀረበ። ይህ ክሌመንት ከ16 ዓመት በኋላ የቤትሆቨንን የቫዮሊን ኮንሴርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወተው ሰው ነው። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ምሽት ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ የቤትሆቨንን ትላልቅ የቫዮሊን ድርሰቶች ዓለም በመጀመሪያ ከእነሱ እጅ እንደሚሰማ ያሰበ አንድም አድማጭ ሊኖር አይችልም።

አባትየው ጠባዩ እየከፋ፣ ገንዘቡንም እያባከነ በመሄዱ በ1791 አገሩን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። ልጁን የዌልስ ልዑል፣ በኋላ ዳግማዊ ሳይሆን አራተኛው ጆርጅ ተብሎ የነገሠው፣ በራሱ ጥበቃ ሥር አደረገው። ልዑሉ በሌላው ነገር ሁሉ አባካኝ ተብሎ የሚወቀስ ሰው ቢሆንም ለሙዚቃ የነበረው ፍቅር የማይካድ ነው። ለልጁ የታወቁ መምህራን ቀጠረለት፤ ቫዮሊን ከባርተለሞንና ከጆርኖቪኪ፣ የሙዚቃ ሥርዓት ደግሞ የሞዛርት ተማሪ ከነበረው ከቶማስ አትዉድ ተማረ። ከፍ ሲልም በልዑሉ ኦርኬስትራ ውስጥ የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ሆኖ አገለገለ።

በ1802 ፈቃድ ጠይቆ እናቱንና ሴሎ ተጫዋች የነበረውን ወንድሙን ለመጎብኘት ወደ ድሬዝደን ሄደ። እዚያም ሁለት ትርኢት ሰጥቶ፣ በ1803 የጸደይ ወራት ቪዬና ገባ። የገባበትም ዝና ቀድሞት ስለ ነበረ የታላላቆቹ ቤት በር ወዲያው ተከፈተለት። ከቤትሆቨን ጋር ያስተዋወቀው የቤትሆቨን ደጋፊ የነበረው መስፍን ሊክኖቭስኪ ነው።

ቤትሆቨን በዚያ ጊዜ 32 ዓመቱ ነበር። በጥቅምት 1802 በሃይሊገንሽታት መንደር ተቀምጦ፣ መስማት እየተሳነው መሄዱንና ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ መድረሱን ለወንድሞቹ በጻፈው ኑዛዜ መሰል ደብዳቤ ገልጾ ነበር። ደብዳቤውን ግን አልላከውም። ከስድስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1803፣ ሁለተኛውን ሲምፎኒና ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንሴርቶ በአንድ ምሽት ለሕዝብ አቀረበ። ብሪጅታወር የደረሰው እንግዲህ ይህ ሰው ከጥልቅ ሐዘን ወጥቶ በታላቅ ኃይል ሥራ በጀመረበት ወቅት ነው። ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። ቤትሆቨን በግንቦት ለአንድ ባሮን በጻፈው ደብዳቤ ስለ እንግዳው ሲመሰክር፣ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ የሚያዝ ብርቱ ባለሙያ መሆኑን ገልጾ፣ ከሰዎች ጋር እንዲያስተዋውቀው ለምኖለታል። ቤትሆቨን ስለ ሌላ ሙዚቀኛ በጎ ቃል ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የማይሰማ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ለብሪጅታወር ትርኢት አዲስ ሶናታ እደርሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። የሦስተኛው ክፍል ነገር ቀላል ነበር፤ በ1802 ለሌላ ሶናታ ጽፎት ከጓደኞቹ ክፍሎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደማቅ ሆኖ ስላገኘው ያስቀመጠው አንድ ክፍል ነበረ። ችግሩ የቀሩት ሁለቱ ነበሩ። ትርኢቱ ለግንቦት 22 ታስቦ ሁለት ቀን የተላለፈ ቢሆንም ጊዜው አልበቃም። የቤትሆቨን ተማሪ ፈርዲናንድ ሪስ እንደ ተረከው፣ መምህሩ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አስጠርቶ የመጀመሪያውን ክፍል የቫዮሊን ኖታ በፍጥነት እንዲገለብጥለት አዘዘው። ሌላው ገልባጭ በሌላ ሥራ ተይዞ ነበር። የፒያኖው ኖታ እዚህም እዚያም በአጭሩ የተጫረ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ጨርሶ ስላልተገለበጠ ብሪጅታወር ከራሱ ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ እያነበበ መጫወት ግድ ሆነበት። የቤትሆቨንን የእጅ ጽሑፍ አንድ ጊዜ እንኳ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

ግንቦት 24 ቀን 1803 ከጥዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በቪዬና በአውጋርተን መናፈሻ አዳራሽ ትርኢቱ ተጀመረ። ለትርኢቱ ገንዘብ ካዋጡት መካከል የእንግሊዝ መልእክተኛ ይገኝበታል። ቤትሆቨን ከፒያኖው፣ ብሪጅታወር ከአጠገቡ ሆነው፣ አንዱ ከግማሽ ኖታ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ካልተለማመደው ኖታ፣ እስከዚያን ቀን ለቫዮሊንና ለፒያኖ ከተጻፉት ድርሰቶች ሁሉ የሚበልጥ ስፋትና ክብደት ያለውን ሥራ አሰሙ።

በዚያ ጥዋት የሆነውን አንድ ነገር ብሪጅታወር በራሱ የኖታ ቅጂ ላይ ጽፎ አስቀምጦታል። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ፈጣኑ ምንባብ ከጀመረ በኋላ፣ 18ኛው ባር ላይ፣ ሙዚቃው ለአፍታ ቆሞ ፒያኖው ብቻውን ከታች ወደ ላይ እየተወረወረ የሚሮጥበት ቦታ አለ። ያ ክፍል ሲደገም ብሪጅታወር ቀስቱን አንሥቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ሲገባው፣ የፒያኖውን ሩጫ በቫዮሊኑ መልሶ አሰማው። ይህ ከኖታው ላይ አልነበረም። ቤትሆቨን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና አቅፎት፣ አንድ ጊዜ ድገመው አለው። ከዚያም ቫዮሊኑ ያን ሩጫ ሲያሰማ እሱ የፒያኖውን መርገጫ ተጭኖ ድምፁን አቆየለት። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በአድማጮቹ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተደግሟል።

ይህን ድርጊት በአገራችን አዝማሪዎች ልማድ ላደገ ሰው መንገር እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ማሲንቆ መቺ የተቀበለውን ዜማ እንዳለ ከመለሰ ባለሙያ አይባልም። በዚያ ዘመን የኤውሮፓ ረቂቅ ሙዚቃም እንዲሁ ነበር። ደራሲና ተጫዋች ዛሬ እንደምናያቸው በግድግዳ የተለያዩ አልነበሩም። ይሁንና ቤትሆቨን በዚህ ረገድ ከዘመኑ ቀድሞ የቆጠበ ሰው ነው። ተማሪው ካርል ቸርኒ በአንድ ሌላ ጊዜ በድርሰቱ ላይ ጥቂት ነገር ጨምሮ ስለ ተጫወተ በብርቱ ቃል ገሥጾታል። ስለዚህ ለብሪጅታወር የተሰጠው እቅፍ ተራ እቅፍ አይደለም። ይኸው ቸርኒ፣ ብሪጅታወር ሲጫወት የሰውነቱ እንቅስቃሴ ከልክ ያለፈና የሚያስቅ ነበር ብሎ ጽፏል፤ ደራሲው ግን ያቀፈው በጆሮው ፈርዶ ነው።

ያኔ ሶናታው የብሪጅታወር ነበር። ቤትሆቨን በአንድ ቀደምት ጽሑፍ ላይ በኢጣልያንኛ በቀልድ፣ ለክልሱ ብሪሽዳወር (ስሙን እንዲህ አጣሞ) የተደረሰ የክልስ ሶናታ ብሎ፣ ሰውየውንም ትልቅ ዕብድ ብሎ ጽፎበታል። ቀልዱ ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል፤ በቤትሆቨን አንደበት ግን ወዳጆቹን ሁሉ የሚጠራበት ዓይነት ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያ የሚቃኙበት ባለ ሁለት ጥርስ ብረት በስጦታ ሰጥቶታል።

በዚያው ዓመት በጋ ብሪጅታወር ከቪዬና ወጣ። ለመንገዱ የተሰጠው የይለፍ ወረቀት የቢያላ ተወላጅ፣ ዕድሜው 24፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ዓይኑ ቡናማ ሙዚቀኛ ይለዋል። ልዑልነትም ሐበሻነትም ከወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሶናታው ታትሞ ሲወጣ ደግሞ የእሱም ስም አልነበረም።

ለምን? ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት ብሪጅታወር ራሱ በሽምግልናው ለጄ. ደብልዩ. ቲርልዎል ለተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ የነገረው ሲሆን፣ ቲርልዎል ይህን በ1858 አሳተመው። በዚህ አባባል ሁለቱ ወዳጆች በአንዲት ልጃገረድ ምክንያት ተጣሉ፤ ቤትሆቨንም ተቆጥቶ ስሙን አነሣ። ታሪኩ ያምራል፤ የሙዚቃ መጻሕፍትም እየተቀባበሉ ደጋግመው ጽፈውታል። ነገር ግን ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተናገረው ነገሩ ከሆነ ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ አለ። ትርኢቱ ከሆነ ገና አምስት ወር ሲሆነው፣ በጥቅምት 1803፣ ሪስ ለአሳታሚው ለዚምሮክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቤትሆቨን ወደ ፓሪስ ለመሄድ እንዳሰበና ሶናታውን በፓሪስ ቀደምት ለሆኑት ለፒያኖው ተጫዋች ለአዳምና ለቫዮሊኑ ለክሮይትዘር ሊያበረክት እንደሚፈልግ ገልጿል። ቤትሆቨን በ1804 ለዚያው አሳታሚ ሲጽፍ የአዳም ስም ወጥቶ ክሮይትዘር ብቻ ቀረ፤ በ1798 ቪዬና መጥቶ ሳለ ያወቀው፣ ትሕትናው ደስ የሚያሰኝ ሰው መሆኑንም ጠቀሰ። እነዚህን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጎ ላነበበ ሰው የልጃገረዲቱ ነገር ሁለተኛ ምክንያት ቢሆን እንጂ ዋናው አይመስልም። ወደ አዲስ ከተማ ለመሄድ ያሰበ ባለሙያ በዚያ ከተማ በር የሚከፍትለት ሰው ያስፈልገዋል። ብሪጅታወር በሎንዶን የልዑል ኦርኬስትራ ተጫዋች ነው፤ ክሮይትዘር የፓሪስ ኮንሰርቫቷር መምህር ነው። ጠብ ኖረም አልኖረ ስሌቱ ይህ ነበር። የፓሪሱ ጉዞ ግን አልተፈጸመም።

ስሌቱ ከሌላም በኩል ከሸፈ። ሄክቶር ቤርሊዮዝ እንደ ጻፈው፣ ክሮይትዘር ድርሰቱን ትርጉም የሌለው ሆኖ ስላገኘው አንድም ጊዜ ሊጫወተው አልወደደም። ክሮይትዘር ደካማ ሙዚቀኛ ነበር ማለት አይደለም፤ የጻፋቸው 42 የቫዮሊን መለማመጃዎች እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያገለግላሉ፣ ቫዮሊን የተማረ ሁሉ ጣቱን አሽቶባቸዋል። ነገር ግን ለራሱ ሥራ ሳይሆን ላልተጫወተው የሌላ ሰው ሥራ ስሙ ዘላለማዊ መሆኑ አስገራሚ ዕጣ ነው።

ብሪጅታወር ከዚያ በኋላ ተረስቶ በችግር ሞተ የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። ወደ ሎንዶን ተመልሶ በሙያው የተከበረ ሰው ሆኖ ኖሯል። በ1807 የንጉሣዊው የሙዚቀኞች ማኅበር አባልነት ተቀበለው፤ ይህ በ1738 የተቋቋመ ማኅበር የተቸገሩ ሙዚቀኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ይረዳ ነበር። በ1811 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የባችለር ዲግሪ አገኘ። በ1813 የተመሠረተው የሎንዶን ፊልሃርሞኒክ ማኅበርም ከባለሙያዎቹ መካከል ቆጥሮታል፤ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ እንዲደረስ ገንዘብ የላከው ይኸው ማኅበር ነው። ብሪጅታወር ለፒያኖ የሚሆኑ መለማመጃዎችንና መዝሙሮችን አሳተመ፣ አስተማረ፣ በሮምና በፓሪስም ኖረ። በየካቲት 29 ቀን 1860 በደቡብ ሎንዶን በፔከም ሞተ፤ በኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ተቀበረ። በ1803 በአውጋርተን ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ቀድመውት አልፈው ነበር።

የደራሲው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ አሜሪካዊው ታየር፣ በኋላም በ1908 ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የብሪጅታወርን ወረቀቶች አገላብጠው ነገሩን ለንባብ አበቁ። በ1965 የሶናታው የመጀመሪያ ክፍል የእጅ ጽሑፍ ከፊሉ ተገኝቶ በቦን የቤትሆቨን ቤት ቤተ መዘክር ገባ። አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ሪታ ዶቭም በ2009 ስለ ሰውየው ሕይወት አንድ ሙሉ የግጥም መጽሐፍ አሳትማለች፤ ርዕሱን የወሰደችው ከዚያው ከቤትሆቨን የኢጣልያንኛ ቀልድ ነው።

የታተመው ኖታ ግን እንደ ጥንቱ ነው። የብሪጅታወር የቫዮሊን ሩጫ በ1805ቱ እትም ውስጥ አልገባም፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ቫዮሊኑ ዝም ይላል፣ ፒያኖው ብቻውን ይሮጣል። ቤትሆቨን የሰጠው የመቃኛ ብረት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ከእንግሊዛውያኑ ሙዚቃ ደራሲዎች ከጉስታቭ ሆልስትና ከራልፍ ቮን ዊልያምስ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ አሁን የሚገኘው በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው።